በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ፦ ካርዱ ላይ የትኛውን በሽታ ልጻፍ?

የቆላዋ ነርስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሜን ሸዋ ውስጥ፣ ቆላው ላይ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የጣቢያውን ስም አልጠራም። የማወራላችሁ ሰው ማንነቱ እንዳይታወቅም አንዳንድ ነገር ቀይሬአለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት በጓደኞቹ ተደግፎ መጣ። ሠላሳ ዓመት አይሞላውም። ማሾ ለቀማ ብሎ ከመንዝ ነው የወረደው። ቀን ሲለቅም ይውላል፤ ማታ ማሳው ዳር ጆንያ አንጥፎ ያድራል። ትኩሳቱ 39 አልፏል። ደሙ ታየ፤ ወባ ነው። ይሄ እኛ ጋ የየቀን ነገር ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወረፋው በሙሉ ወባ ነው።

የወባ መድኃኒቱን ኮአርተም ሰጥቼው ሊወጣ ሲል ሳለ። አሳሳሉ ደስ አላለኝም። "ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኩት። "ከክረምት ወዲህ ነው እታለም" አለኝ። አክታው ተመረመረ፤ የሳንባ ነቀርሳ (ቲቢ) ነው። ኤችአይቪ ተመረመረ፤ የለበትም። ሚዛን ላይ ወጣ፤ 43 ኪሎ። ረጅም ሰው ነው፤ 43 ኪሎ!

ዛሬ ምን በላህ ስለው ዝም አለ። ጓደኛው ነው የመለሰልኝ፤ "ትናንት ማታ ቆሎ ቀምሰናል።"

ከዚያ መጻፍ ጀመርኩ። ወባውን የወባ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። ቲቢውን የቲቢ መዝገብ ላይ ጻፍኩ። ክብደቱን የምግብ እጥረት መዝገብ ላይ ጻፍኩ። የአንድ ሰው ስም ሦስት ቦታ። ሜዳ ላይ ማደሩን፣ በልጉ ስለቀረባቸው መሰደዱን፣ ቤቱ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል እንደሚያድር ግን የምጽፍበት መስመር የለኝም። ያቺ ባዶ ቦታ እንቅልፍ ነስታኛለች።

ይሄ ነገር በትምህርት ስም አለው? እናንተ ጋስ እንዴት ነው? እባካችሁ የምታውቁ ጻፉልኝ።


ሕብረተሰብ ጤና | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡02

ሲስተር፣ ስም አለው። ሲንደሚክ ይሉታል። ቃሉን በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ያመጣው ሜሪል ሲንገር የሚባል አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት ነው። ሃርትፎርድ በምትባል ከተማ፣ ድሃ የፖርቶ ሪኮ ተወላጆች በሚኖሩበት ሰፈር ነበር የሚሠራው። እዚያ አደንዛዥ ዕፅ፣ ጥቃትና ኤድስ አንድ ላይ ተቋጥረው አገኛቸው። አንዱን ለይቶ ማከም ቋጠሮውን አልፈታውም። አንዱ ሌላውን ይጠራል። ሦስቱን ደግሞ ሥራ ማጣት፣ የተጨናነቀ ቤትና መገለል ይቀልባቸዋል።

ዋናው ነገር ይሄ ነው። ሁለት በሽታ አንድ ሰው ላይ ስለተገናኘ ብቻ ሲንደሚክ አይባልም። አንዱ ሌላውን ማባስ አለበት። ያገናኛቸው ደግሞ የኑሮ ሁኔታ መሆን አለበት።

የነገርሽንን ልጅ እንየው። የቲቢ ጀርም ሳንባ ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ ሊኖር ይችላል። ረሃብ የሰውነትን ጥበቃ ሲያላላው ይነቃል። ከነቃ በኋላ ደግሞ ምግብ ያስጠላል፣ ሥጋ ይጨርሳል። ስለዚህ ረሃቡ ቲቢውን አመጣ፤ ቲቢው ረሃቡን አባሰ። ወባዋ መጥታ ደሙን ጨረሰችው። ደም ያነሰው ሰው አይለቅም፤ ያልለቀመ አይከፈለውም፤ ያልተከፈለው አይበላም። ክቡ ተዘጋ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 በፈረንጆቹ አቆጣጠር 10.8 ሚሊዮን ገደማ ሰው በቲቢ እንደታመመ ይገምታል። ወደ አንድ ሚሊዮን ከሚጠጋው ጀርባ ያለው የምግብ እጥረት ነው። ስኳር በሽታ በቲቢ የመያዝ ዕድልን ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያደርሰዋል። ኤችአይቪ ደግሞ ከአሥር እጥፍ በላይ።


ቀወት 27 | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡40

እኔ ሸዋሮቢት አካባቢ ማሾና ሽንኩርት አመርታለሁ። ሠራተኛ እቀጥራለሁ። ስለዚህ ይሄ ወሬ ይመለከተኛል።

በመጀመሪያ ደረጃ ድህነት ነው በቃ። ለድህነት የፈረንጅ ስም ማውጣት ምን ይጠቅማል? አያቶቻችን "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ብለው ጨርሰውታል።

ሁለተኛ፣ ሁሉንም በአሠሪው ላይ አታድርጉት። አጎበር ገዝቼ ሰጥቻለሁ። በሁለተኛው ቀን የሽንኩርት መሸፈኛ አድርገውት አገኘሁ። ሙቀት ስለሆነም ውጭ ማደር ይወዳሉ። እኔም የዝናብና የዋጋ ነገር አስጨንቆኛል። ማሾ ሲረክስ ለሠራተኛ የምከፍለው እንኳ የሚጠፋበት ዓመት አለ።


የቆላዋ ነርስ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡55

ጋሼ፣ ስለጻፉልን አመሰግናለሁ። አሠሪ እዚህ መጥቶ ሲናገር ደስ ይለኛል። አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። አጎበሩን የት ይስቀሉት? ሜዳ ላይ ጣሪያ የለም፤ ግድግዳ የለም፤ ምሰሶም የለም። የሚሰቀልበት ያጣ አጎበር ሽንኩርት ቢሸፍን አይገርመኝም።

ደግሞ ከደጋ የመጣ ሰው ወባን አያውቃትም። ሰውነቱም አያውቃትም። የእኛ የቆላው ልጅ ሦስት ቀን ታሞ የሚነሳባት ወባ የመንዙን ልጅ ትጥለዋለች።


መምህር ዘአንኮበር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ታሪክ አስተማሪ ነኝ። ጡረታ ወጥቻለሁ። ቀወት 27 "ድህነት ነው በቃ" ያሉትን በከፊል እቀበላለሁ፤ "በቃ" ያሉትን ግን አልቀበልም።

እዚሁ ሸዋ ውስጥ የሆነውን ላስታውሳችሁ። ክፉ ቀን የምንለው ዘመን፣ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለው። መጀመሪያ የመጣው የሰው በሽታ አልነበረም። የከብት በሽታ ነው። ጣልያን በምጽዋ በኩል ካስገባው ከብት ጋር ደስታ መጣ። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ ነው፤ ስሙ ያሳዝነኛል ሁልጊዜ። በሬ አለቀ። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ። ዝናብም ቀረ፣ አንበጣና ተምችም መጣ። ሰው ተራበ። የተራበ ሰው ወደ ከተማና ወደ ገዳም ጎረፈ፤ እዚያ ተፋፍጎ አደረ። ከዚያ ነው ፈንጣጣው፣ ተስቦው፣ ኮሌራው፣ ተቅማጡ የገባበት። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረው ለሰው አርአያ ለመሆን ሞክረዋል።

እንግዲህ ሰውን የገደለው ምንድን ነው? ፈንጣጣ ነው ብትሉ ልክ ናችሁ። ረሃብ ነው ብትሉም ልክ ናችሁ። የከብት በሽታ ነው ብትሉም ልክ ናችሁ። መኳንንቱ ግን ባለ ጎተራ ስለነበሩ አብዛኞቹ ተረፉ። ፈንጣጣው ሀብታምና ድሃ አይለይም እንላለን። የተራበውንና የጠገበውን ግን ይለያል።

የኅዳር በሽታም እንዲሁ ነው። በ1911 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የበረታው ኢንፍሉዌንዛ። ራስ ተፈሪም ታመው ነበር፤ የሚያስታምማቸው ሰው ነበራቸውና ተነሡ። ቤተሰቡ ሁሉ አብሮ የወደቀበት ደሃ ግን ውሃ የሚያቀብለው አጥቶ ሞተ። ኅዳር ሲታጠን እያልን ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው ያን እያስታወስን ነው።

በ1950 ዓ.ም. ክረምት የተነሳው የወባ ወረርሽኝ ደግሞ ወደ ደጋማው አገር ወጥቶ ነበር። ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታመመ፤ 150,000 ገደማ ሞተ። ቀድሞ የተራበ አገር ላይ ነበር የወጣው።


ሕብረተሰብ ጤና | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡05

መምህር፣ እጅግ አመሰግናለሁ። ክፍል ውስጥ ክፉ ቀንን እንዲህ አድርጎ ያስተማረኝ የለም።

እርስዎ ያሉት አንድ ጀርመናዊ ሐኪም አስታወሰኝ። ሩዶልፍ ቪርኾ ይባላል። በ1848 በፈረንጆች አቆጣጠር የፕሩሺያ መንግሥት የተስቦ ወረርሽኝ እንዲያጠና ላይኛው ሲሌዥያ ወደሚባል ድሃ አገር ላከው። ገና የ26 ዓመት ልጅ ነበር። መንግሥት የጠበቀው የመድኃኒት ዝርዝር ነበር። እሱ ይዞ የተመለሰው ምክር ግን ትምህርት፣ መንገድ፣ የተሻለ እርሻና ሕዝቡ ራሱን እንዲያስተዳድር የሚል ነበር። ስለዚህ ሐሳቡ አዲስ አይደለም ጋሽ ቀወት። ስሙ ነው አዲስ። ስሙ የሚጠቅመው ደግሞ ለመመዝገብ ነው። ስም የሌለው ነገር በጀት አያገኝም።


የመንዝ ልጅ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ትናንት ማታ አንብቤ መመለስ አቃተኝ። ያ ልጅ የአጎቴ ልጅ ሊሆን ይችላል። አሁን አዲስ አበባ ነው ያለሁት፤ ያደግኩት ግን ጓሳ አጠገብ ነው።

ሲስተር "ስምንት ሰው በአንድ ክፍል" ስትይ ቤታችን ታየኝ። ድንጋይ ቤት ነው፤ ሣር ክዳን። ብርዱን ስለማትችሉት መስኮት የለውም። ማታ በጎቹም ጥጃውም ከእኛ ጋር ያድራሉ፤ እነሱ ናቸው ምድጃችን። እንጨት የለም፤ ዛፉ ካለቀ ቆይቷል። የምናነደው ኩበት ነው። ኩበት ደግሞ ማዳበሪያ መሆን ነበረበት። እርሻው የተራበበትን ነው እኛ የምንሞቀው። እናቴ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ ማታ ሦስት ሰዓት ጭሱ ውስጥ ትቀመጣለች። ታናሽ እህቴ ጀርባዋ ላይ ናት።

አባቴ መጀመሪያ ሳለ። "ብርድ ነው" አለ። ጠላ ቤት ተቀምጦ ሲስል ማንም ምንም አላለውም፤ እኛ ጋ ሁሉም ሰው ይስላል። ከዓመት በኋላ ነው ደም የተፋው። ሕክምና የሄደው ያኔ ነው። ያኔ ደግሞ እህቴም ጀምራ ነበር።

ስለ ሕክምናው ልናገር። ቦታውን አልናገርም። አባቴ በበቅሎ፣ ከዚያ በእግር፣ ከዚያ በአይሱዙ ሄዶ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። "አክታ የሚመረመረው ጠዋት ነው፤ ነገ ና" አሉት። ማደሪያ አልነበረውም። ተመልሶ መጣ። ሁለት ወር አልሄደም። አንድ ቃል ነበረች፤ "ነገ ና።" ያቺ ቃል እህቴን ወሰደችብኝ ብዬ አስባለሁ። መድኃኒቱ ነጻ መሆኑን አውቃለሁ። መንገዱ ግን ነጻ አይደለም። የጠፋው የሥራ ቀን ነጻ አይደለም።

እናቴን ደግሞ ዛሬ ድረስ ዓይኗ ያስቸግራታል። ሽፋሽፍቷ ወደ ውስጥ ገብቶ ይወጋታል። ትራኮማ ነው። አማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሴቶች ላይ የሚበዛው ልጅ የሚያዝሉት፣ የልጁን ዓይንና አፍንጫ የሚጠርጉት እነሱ ስለሆኑ ነው። ውሃ የሚቀዱትም እነሱ ናቸው፤ ፊት መታጠቢያ ግን የሚተርፋቸው የለም። እናቴ ወባ የለባትም፤ ቲቢም የለባትም። ጭሱ፣ ዓይኑ፣ ወገቧ፣ የእህቴ ሐዘን ነው ያለባት። እሱንስ የት መዝገብ ላይ ይጽፉታል?


መምህር ዘአንኮበር | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

ልጄ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። የእህትሽን ነፍስ ይማር።


ቀወት 27 | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9፡00

እህቴ፣ ነፍስ ይማር። ትናንት የጻፍኩትን ዛሬ ሳነበው ሌላ ሰው የጻፈው መሰለኝ። ቆይቼ እመለሳለሁ።


ኤክስቴንሽን ነኝ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡30

ደብረ ብርሃን ዙሪያ ነው የምሠራው። ከቀያቸው ተፈናቅለው የመጡ ሰዎች ያሉባቸውን መጠለያዎች እናያለን።

ደብረ ብርሃን ብርዱን ታውቁታላችሁ። ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ሣሩን ያነጣዋል። ብዙዎቹ የመጡት ከሞቃት አገር ነው፤ ከወለጋ። በለበሱት ልብስ የወጡ አሉ። አንድ ልብስ ያለው ሰው አያጥበውም፤ አጥቦ ምን ይለብሳል? ሲበርድ ደግሞ ተቃቅፈው ይተኛሉ። ቅማል የሚፈልገው ይሄን ነው። ቅማል የምታመጣቸው ተስቦና ግርሻ ናቸው። ግርሻ ትኩሳቱ ለቆት ዳነ ሲባል ተመልሶ ይመጣል፤ ስሙም ከዚያ ነው።

አንዴ አንዲት እናት "ልብስ አጥቡ፣ በሙቅ ውሃ ቀቅሉ" ብዬ ሳስተምር ሰማችኝና እጄን ይዛ ወደ ድንኳኗ ወሰደችኝ። አንድ ድስት አሳየችኝ። "በዚች ነው የምንበላው፤ በዚች ልቀቅልበት?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያን ቀን ወዲህ ማስተማር ከመጀመሬ በፊት ምን እንዳላቸው አያለሁ።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ አለ። በየቤቱ የምንዞረው እኛ ነን። ሲስተር የጠየቅሽውን መስመር፣ ቤቱን ማለቴ ነው፣ እኛ እናውቀዋለን። ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ሽንት ቤት እንዳለው፣ ምን እንደሚያነዱ። ግን እኛ የምናውቀው አንቺ ጋ አይደርስም። አንቺ ጋ ሲደርስ ሰውየው ብቻውን ነው የሚመጣው፤ ቤቱን ትቶ።


የዳነ | ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እኔ ቲቢ ታክሜ ድኛለሁ። ግንባታ ላይ ነበር የምሠራው።

ስለ መድኃኒቱ ልንገራችሁ። ስድስት ወር ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አራት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ፣ ከዚያ አራት ወር ሁለት ዓይነት። በሁለተኛው ሳምንት ሳሉ ቀለለኝ። ከዚያ ረሃብ መጣ። እንዲህ ያለ ረሃብ አይቼ አላውቅም። "መድኃኒቱ ይበላል" የሚሉት እውነት ነው፤ ሰውነት ያጣውን ሲጠይቅ ነው። እኔ ግን የምሰጠው አልነበረኝም። ሥራ አቁሜአለሁ። በባዶ ሆዴ ስውጠው ያዞረኛል፣ ያስመልሰኛል። ከዚያ ተውኩት። ሰነፍ ሆኜ አይደለም፤ ስጠጣው ስለሚርበኝ ነው የተውኩት።

አረቄም ነበረች። ከሥራ በኋላ ብርዱን ለመርሳት አንድ መለኪያ፣ ረሃቡን ለመርሳት ሁለተኛ። ከእንጀራ ትረክሳለች።

የተከራየሁበት ቤት አከራይ ብርጭቆዬን ለየችብኝ። ከዚያ በሩን። ወደ ሕክምናው የመለሰችኝ አንዲት ነርስ ናት። ስልክ ደውላ "ለምን ቀረህ?" አላለችኝም። "ምን እየበላህ ነው?" ነው ያለችኝ። ከዚያ የዕድራችን ሰዎች ጋ ደወለች። ዕድር ለሞተ ሰው ነው እንጂ ለታመመ አይደለም ብለው ነበር። አንድ ሽማግሌ ግን "ሞቶ ንፍሮ ከምንቀቅል በሕይወቱ ሽሮ እንላክለት" አሉ። እነሆ አለሁ።


ምንጃሬው | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡40

ሁላችሁም ስለ ጠበል ዝም አላችሁ። ሰው መጀመሪያ የሚሄደው እዚያ ነው። ሸንኮራ ዮሐንስ ወይም ጻድቃኔ ማርያም ሂዱና እዩ። ከየአገሩ የመጣ በሽተኛ ቀን ይጠመቃል፣ ማታ አንድ አዳራሽ ውስጥ ይተኛል። የሚያስልም የሚያስታምምም አብሮ። እኔ አማኝ ነኝ፤ በጠበል የዳኑ ሰዎች አውቃለሁ። የሚያሳስበኝ መድኃኒቱን አቋርጠው የሚመጡት ናቸው።


የቆላዋ ነርስ | ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 4፡10

ወንድሜ፣ ልክ ነህ። እኔም ጠበል እጠመቃለሁ። ለታካሚዎቼ የምነግራቸው አንድ ነገር ነው፤ ሁለቱ አይጣሉም። አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ይሄዳሉ ብለው በአደባባይ ተናግረው ነበር። ብዙ ካህናት አሁን ይሄንኑ ይላሉ። የማደሪያው ነገር ግን ያስጨንቀኛል። መስኮቱ ክፍት ቢሆን፣ የሚያስሉት ለብቻ ቢያድሩ ብዙ ነገር ይለወጣል። ጠበል ቦታው ላይ የአክታ ናሙና መቀበል ቢቻል ደግሞ አስቡት። በሽተኛው እዚያ ነው ያለው፤ ለምን እንጠብቀዋለን?


ሕብረተሰብ ጤና | ረቡዕ፣ ከቀኑ 6፡20

የዳነ የጻፈውን ክፍላችን ውስጥ ማንበብ እፈልጋለሁ፤ ከፈቀደልኝ።

እሱ የኖረውን ሕንድ ውስጥ በጥናት አሳይተውታል። ጃርካንድ በሚባል ድሃ ግዛት የቲቢ ታካሚዎች ቤተሰቦችን በሁለት ከፈሏቸው። ታካሚዎቹ ሁሉም ምግብ ተሰጣቸው። የግማሾቹ ቤተሰብም በየወሩ እህል፣ ጥራጥሬና ቫይታሚን ተሰጠው፤ የሌሎቹ ቤተሰብ አልተሰጠውም። ከ10,000 በላይ የቤተሰብ አባላት ነበሩ። ምግብ ባገኙት ቤቶች አዲስ የቲቢ ሕመም በ39 ከመቶ ቀነሰ፤ የሳንባው ለብቻው ሲታይ በ48 ከመቶ። ውጤቱ በ2023 ወጣ። ክትባት አይደለም፤ አዲስ መድኃኒትም አይደለም። ሩዝና ምስር ነው።

አንድ ነገር ግን ለጥንቃቄ ልበል። ቃሉን ሁሉም ነገር ላይ መለጠፍ ጀምረናል። ኮቪድ በመጣ ጊዜ ዓለም አቀፍ ሲንደሚክ ነው ያሉ ነበሩ። ኤሚሊ ሜንደንሆል የምትባል ተመራማሪ ደግሞ አይደለም፣ እንደ አገሩ ይለያያል ብላ ጻፈች። ኒውዚላንድን ለአብነት አነሳች። ትክክል ናት ብዬ አምናለሁ። ሲስተር ጋ የሚገናኙት ወባ፣ ቲቢና ረሃብ ናቸው። ደብረ ብርሃን መጠለያው ውስጥ ብርድ፣ ቅማልና ግርሻ። መንዝ ላይ ጭስ፣ ሳንባና ዓይን። መቶ ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከደብረ ብርሃን ሸዋሮቢት፣ ከ2,800 ሜትር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ስንወርድ ቋጠሮው ሁሉ ይለወጣል። ስለዚህ መፍትሔውም ከአንድ ቢሮ ተገልብጦ ለሁሉም የሚላክ መሆን የለበትም።


መምህር ዘአንኮበር | ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡05

ስለ ተረቱ አንድ ነገር። "በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ" ስንል እንቅርቱን እንደ ዕጣ ፈንታ ነው የምናየው። እንቅርት ግን የአዮዲን ማነስ ነው። ደጋው አፈር ላይ አዮዲን ታጥቦ ስለሚሄድ ነው የሚበዛው። ድሮ አዮዲን የተጨመረበት ጨው በኤርትራ ወደቦች በኩል ይመጣ ነበር። ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ ቀረ። የአፋር ጨው ያለ አዮዲን ገበያ ላይ ዋለ። ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እንቅርቱ ራሱ የድንበር፣ የንግድና የሕግ ጉዳይ ነበር።


የመንዝ ልጅ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡50

ስለ ጤና መድን ልጠይቅ። እናቴ ደብተር አላት፤ በየዓመቱ እንከፍልላታለን። ያ ልጅ ግን መንዝ ላይ ደብተር ቢኖረው ቆላ ላይ ይሠራለታል?


የቆላዋ ነርስ | ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡20

ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ተሞክሮ ነው የሰፋው። ብዙ ቤት አትርፏል፤ የድሃ ድሃ የሚባሉትን መንግሥት ይከፍልላቸዋል። ግን ደብተሩ የሚሠራው ወረዳው ውል በያዘበት ተቋም ነው። ሰውየው ደጋ ላይ ተመዝግቦ ቆላ ላይ ነው የሚታመመው። ቲቢና ወባ ነጻ ስለሆኑ ታከመ። ሌላ ነገር ቢሆን ከኪሱ ነበር። ኪሱን ደግሞ አይቸዋለሁ።


ቀወት 27 | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12፡45

ተመለስኩ። ሌሊቱን ሳስብ ነው ያደርኩት።

ዛሬ ጠዋት ማሳ ወርጄ ቆጠርኩ። 22 ሰው ነው ሜዳ ላይ ያደረው። ሦስቱ ይስላሉ። ከዚህ በፊት ቆጥሬ አላውቅም ነበር፤ የሚለቅሙትን ጆንያ ነበር የምቆጥረው።

ዳስ አሠራለሁ። ባሕር ዛፍ ምሰሶ አለኝ። ጎኑ ክፍት፣ ላዩ ሣር። አጎበሩ የሚሰቀልበት ገመድ ከዳር እስከ ዳር። ከጎረቤት አራሾች ጋር ሆነን ምሳ አንድ ላይ እናስበስላለን፤ ንፍሮም ቢሆን ሞቅ ያለ። ሲስተር፣ የሚያስሉትን ሦስቱን መቼ ላምጣቸው? "ነገ ና" እንዳይባሉ።


የቆላዋ ነርስ | ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 1፡02

ዛሬ ያምጧቸው ጋሼ። አሁኑኑ። እኔ ነኝ ያለሁት፤ ምርመራ ክፍሉን ነግሬ እጠብቃለሁ።


የቆላዋ ነርስ | ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሑድ ከምሽቱ 2፡35

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ ነው።

ከሦስቱ አንዱ ቲቢ ተገኘበት። ሁለቱ ነጻ ናቸው። ዳሱ ተሠርቷል፤ ሄጄ አይቸዋለሁ፤ አጎበሮቹ ተሰቅለዋል። ወባ ግን አልቆመችም፤ ከዚያው ማሳ ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰው መጥቷል። ማታ ውሃ ሊያጠጡ ሲወጡ ነው የሚነከሱት።

የመጀመሪያው ልጅ ወባው ለቆታል። 43 የነበረው 45 ኪሎ ሆኗል። የምግብ ድጋፍ ለሁለት ሳምንት አገኘሁለት፤ ከዚያ አለቀ። ሕክምናውን አገሩ ሆኖ እንዲጨርስ ወደ መንዝ አዛወርኩት። እናቱ አጠገብ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

የማዛወሪያ ወረቀቱ ላይ እንደተለመደው ሞላሁ። ስም፣ ዕድሜ፣ የበሽታ ዓይነት፣ መድኃኒቱ የተጀመረበት ቀን። ከዚያ ወረቀቱን ገለበጥኩትና ጀርባው ላይ ጻፍኩ፦ "ቤቱ ስምንት ሰው በአንድ ክፍል ያድራል። መስኮት የለም። ከአምስት ዓመት በታች ሁለት ልጆች አሉ። በልጉ አልተሳካም። በቀን አንዴ ነው የሚበሉት። ከጤና ጣቢያው የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ፤ ከሰዓት በኋላ ቢደርስ አትመልሱት።"

ዓርብ ዕለት ከማላውቀው ቁጥር ተደወለልኝ። እዚያ ያለ የቲቢ ክፍል ባለሙያ ነው። "ጀርባውን አነበብኩት" አለኝ። "የቀበሌዋ ኤክስቴንሽን ሁለቱን ልጆች ሰኞ ይዛ ትመጣለች፤ የመከላከያ መድኃኒት እንጀምርላቸዋለን።" ከዚያ የእናቲቱን ስም ጠየቀኝ። እሱን መጻፍ ረስቻለሁ።